ያለ ባለጉዳዩ ፈቃድ

ባሌ የዓይን ሆስፒታል ነርስ ነው፤ እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሚታደስበት ቢሮ እሠራለሁ። አንዱ መሥሪያ ቤት የሰውን ገመና ያለ ባለጉዳዩ ፈቃድ ለሌላው እንዳይሰጥ የሚከለክለው አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ይህ ሰውዬ ቤታችንን ለሁለት መሥሪያ ቤት ከፍሎታል። «ዛሬ ማን መጣ?» ስለው፣ «ሰው» ይለኛል። ችክ ያለ ነው፤ የወደድኩትም ለዚሁ ነው መሰለኝ።

ልጃችንን ጠዋት ጠዋት በመኪናው ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አባቴ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ታክሲ ሲያሽከረክር የኖረ ሰው። አንድ ሰኞ ባሌ ድንገት ተነሥቶ የልጅቷን ቦርሳ አንጠለጠለና፣ «ከዛሬ ጀምሮ በእግራችን ነው» አለ።

«ምነው?»

«ለጤና ጥሩ ነው።»

ለጤና! ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው! አባቴን የናቀብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ሳህኑን ያጥባል።

ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ «አባባ፣ ከባሌ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» አልኩት።

አፍጥጦ አየኝ። «አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

«ወይ ጉድ! ይነግርሻል ብዬ እኮ ነው እሱ ጋ ሄጄ የታየሁት! ሌላ ሆስፒታል ጠፍቶ ነው?» ዓይኑን አሸት አድርጎ ቀጠለ። «ዓይኔ እየደከመ ነው፣ የኔ እናት። መንዳት ተው ተብያለሁ። ፈቃዴ ሊታደስ ደርሷል፤ አንቺ ሰምተሽ ብትከለክይኝ ይሻላል ብዬ ነበር። ራሴ ማለት አቃተኝ።»

አቅፌው አለቀስኩ። ከዚያ እጁን ይዤ ቤት አመጣሁት።

ባሌን፣ «አባባ ነግሮኛል» ብለው፣ «ምኑን?» ብሎኝ እርፍ!

«ፈቅጃለሁ! ተናገር በቃ!» አለ አባቴ፣ ሳቅ እያፈነው። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ፈርቼ አልሰማሁትም። ጨርሶ ይጠፋል ወይስ ይተርፋል?»

ባሌ ወደኔ ተመለከተ። «እሷም ትስማ?»

«ትስማ።»

አጠገቡ ቁጭ ብሎ እጁን ያዘና ቀስ እያለ ነገረው። የግራው እንደማይመለስ፣ የቀኙ ግን የታዘዘለትን የዓይን ጠብታ ሳያቋርጥ ካደረገ ሊቆይለት እንደሚችል። ነግሮት እስኪጨርስ እጁን አልለቀቀም። አንጀቴን በላው።

አባቴ የባሌን ራስ ወደ ደረቱ ሳብ አድርጎ፣ «ይህን ሁሉ ብቻህን ይዘህ ሰነበትክ፣ ልጄ?» አለው።