አብሮኝ የሚኖረው ሰላይ

በቀይ ሽብሩ ዓመት እዚህ በስደት በምንኖርበት ፌርፋክስ ላይ ማንም ማንንም አያምንም ነበር። አንዱ ኢሕአፓ፣ ሌላው መኢሶን፤ እዚህ ሰልፍ ላይ ፎቶ ከተነሳህ መዘዙ አዲስ አበባ ወንድምህ ላይ ይመጣል እንባባላለን። እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ወንድም ሥዩም ብቻ ነው፤ እሱም ቀበሌ ታስሯል። ሶ፣ ብጠረጥር ይፈረድብኛል?

የጠረጠርኩት አብሮኝ የሚኖረውን አምደሚካኤልን ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ያን ሳምንት ምን እንደነካው እንጃ። እኔ ስገባ ስልኩን ጠርቀም ያደርጋል። «ማን ነው?» ስለው «ሮንግ ነምበር» ይለኛል። ወይ ጉድ! ሮንግ ነምበርን በአማርኛ ነው እንዴ የሚያወራው? ደሞ ይጠይቀኛል፤ «ሥዩም ታናሽህ ነው አይደል? አብራችሁ ነው ያደጋችሁት?»

«አንተ ምን አገባህ?»

«እንዲሁ ነው» ብሎ አቀረቀረ። ዓይኔን አያይም።

ቅዳሜ ኢንግልዉድ ሰፈር ድረስ ድራይቭ አድርጌ፣ ኤርፖርት ታክሲ ለሚነዳው ለየማነ ነገርኩት። «አምደሚካኤል ጆሮ ጠቢ ነው፤ ወንድሜን ሊያስገድልብኝ ነው» አልኩት። ነገር ሲሰማ የሚፈነድቀው የማነ «ነገ ጠዋት ከቤት እንዳትወጣ» ብቻ አለኝ። እሱም ከነሱ ነው ማለት ነው! ተቃጠልኩ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አምደሚካኤል ለባብሶ ሲጠብቅ ነበር፤ ከፈተላቸው። የማነ፣ ሌሎች ልጆች፣ ሁላችንም እንደ እናት የምናያቸው እትዬ ፀሐይወርቅም ሳይቀሩ ከጋርዴና መጥተዋል። ሊያፋጥጡኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

«እሰይ! እንኳን መጣችሁ!» አልኩ። «ይሄ አብሮ በልቶ ሰው የሚሸጥ ከሃዲ ነው! ሥዩም አንድ ነገር ቢሆን ደሙን ከሱ እጅ ነው የምፈልገው!»

አምደሚካኤል አንገቱን ደፋ። ሐበሻ እንዲህ ተሰድቦ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። ያኔ ነው እትዬ ፀሐይወርቅን ልብ ብዬ ያየኋቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«አይደለም» አልኩ። «እትዬ፣ አይደለም በሉኝ።»

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉኝ።

ለካ ያ ሁሉ ስልክ፣ እሑድ ሰው ከሥራ ሲያርፍ ተሰብስበው በወጉ እንዲያረዱኝ ነበር። ራሴን ወደ ግድግዳው ስወረውር ሁለት እጆች ከኋላዬ ወገቤን ጨምድደው ያዙኝ። አምደሚካኤል ነበር፤ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ አለሁልህ» እያለ ከኔ ብሶ ያለቅሳል።