ቁጥር አስራ ሰባት፣ ገጽ ዘጠኝ

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ሦስት መቶ አስራ አንድ የኮሚክ መጽሔት አለኝ። እያንዳንዱ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ በቁጥሩ ተደርድሮ አልጋዬ ስር ነው ያለው። በየቅዳሜው አንዱን አወጣና ኢንተርኔት ላይ ባለኝ ገጼ ሂስ እጽፍበታለሁ። ሰው የሚያነበኝ ደግሞ ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ስለምቦጭቅ ነው። አንዴ "ይሄ ሰዓሊ እጅ መሳል ሲያቅተው አምስት ካሮት ያስራል" ብዬ ጽፌ ሁለት ሺህ ሰው ተንከትክቶ ስቋል።

ታናሽ እህቴ ከልጅነታችን ጀምሮ መጽሔቶቹን አብራኝ ነው ያነበበቻቸው። ቀጭን ናት፣ ጆሮዋ ላይ ሁሌ እርሳስ ሰክታ ነው የምትዞረው፤ ስለዚህ እኛም እርሳስ ነው የምንላት። አምና የራሷን ታሪክ ስምንት ገጽ ስላ አመጣችልኝ።

"ወንድሜ፣ እስቲ እየው። ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ላቀርበው ነው። ያልጣመህን ንገረኝ።"

ነገርኳታ! ግን ለሷ አይደለም፤ ቅዳሜ ገጼ ላይ። "የቤታችን እርሳስ የሳለችው። ከአስር አንድ። አንዷንም የሰጠሁት ለወረቀቱ ነው፣ ወረቀቱ ጥሩ ነው።" በማግስቱ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ሻጩ "እሺ እርሳስ፣ ወረቀቱ እንዴት ነው?" አላት። አብራው ሳቀች። ቤት መጥታ ግን ስምንቱንም ገጽ ቀዳደደች፤ ያን ዓመት አልተመዘገበችም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሁሉም አስበልጬ የምወደው "ባለ ጃንጥላው" የሚባለውን ነው። ጃንጥላ ብቻ ይዞ ሌባ የሚያሳድድ ሰውዬ ነው፣ ሃያ አራት እትም አለው። ሰዓሊው ከሞተ ቆይቷል። ሃያ ሦስቱ አሉኝ፤ ቁጥር አስራ ሰባት የለኝም። ማንም የለውም። ማተሚያ ቤቱ ውሃ ገብቶበት ገና ሳይሸጥ ተበላሸ ነው የሚባለው።

አንድ ቀን ታዲያ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋሼ መነጽር ደወሉልኝ። "ና ውሰድ፣ ካርቶን ስር ተገኘ" አሉኝ። ቁጥር አስራ ሰባት! አሸተትኩት፣ የታፈነ ክፍል ይሸታል። መሃሉን የያዘውን ሽቦ አየሁት፣ ዝጎ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል። "የመጽሔት ዕድሜ ሽቦው ላይ ነው የሚነበበው" እያልኩ እርሳስን ስንት ጊዜ እንዳደነቆርኳት!

ቅዳሜ ገጽ ዘጠኝን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ከአስር አስር። ይሄን ሌባ በጎኑ እዩት። ያ አፍንጫ፣ ያ የማይጠግብ ከንፈር! እንዲህ የሚያስጠላ ፊት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። መሳል የሚያምራችሁ ሁሉ እርሳሳችሁን ጥላችሁ ተንበርከኩ።"

ከሰዓት በኋላ እህቴ ትልልቅ ወረቀት ታቅፋ ክፍሌ ገባች።

"ልንበርከክ?" አለችኝ።

"ምን ሆነሻል?"

ወረቀቶቹን አልጋዬ ላይ ዘረጋቻቸው። ቁጥር አስራ ሰባት ከነሙሉ ገጹ፣ በእጅ የተሳለ፣ ከቀለሙ ስር የእርሳሱ መስመር ገና ያልጠፋ። ሰባት ወር ፈጅቶባታል። አሮጌ ወረቀት ላይ አንድ ቅጂ አሳትማ ሽቦውን በኮምጣጤና በጨው አዝጋዋለች። ጋሼ መነጽርን ለምና አስማምታቸዋለች።

"የገጽ ዘጠኙን ሌባ ግን እንዴት አላወቅከውም?"

"ማነው እሱ?"

"በጎን ራስህን አይተህ አታውቅማ!" ብላ ሳቀች። በክፋት ብትስቅ ደስ ባለኝ። ልክ ድሮ መጽሔት አብረን ስናነብ እንደምትስቀው ነው የሳቀችው።

ከዚያ ኮስተር አለች። "ላዋርድህ አይደለም። ሰኞ የትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና አለኝ፣ ፈታኟ ደግሞ ገጽህን ትከታተላለች። የሳለችው እህቴ ናት ብለህ ጻፍልኝ፣ በቃ። አስሩን እንደሆነ ሰጥተኸኛል።"

"እሺ፣ ሰኞ ጠዋት እለጥፈዋለሁ። ዋናዎቹን ተይልኝ፣ ፎቶ ላንሳቸው።"

አመነችኝ። እሁድ እሷ ከእማዬ ጋር ስትወጣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነከርኳቸው። ማተሚያ ቤቱን ያጠፋው ውሃ እኛም ቤት ገባ በሉት። ቀለሙ ተላቆ ውሃው ጠቆረ። ስትመለስ ቧንቧው ፈነዳ አልኳት። የራሰውን ክምር አነሳችና "ግድ የለም" አለች። "አንተ አለህ አይደል? ትመሰክርልኛለህ።"

ሰኞ "ስልኬ እምቢ አለ፣ እዚያው በአፌ እነግራቸዋለሁ" ብዬ አብሬያት ሄድኩ። እሷ የያዘችው እኔ ጋ የነበረውን የታተመውን መጽሔት ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

"ይሄንንማ አውቀዋለሁ፣ ቁጥር አስራ ሰባት ነው" አለች ፈታኟ። "የራስሽን አሳዪኝ እንጂ።"

"የራሴ ነው። ወንድሜ ውጭ አለ፣ ይጠይቁት።"

ሴትየዋ ወጣች። "አንተ ነህ እንዴ ሂስ የምትጽፈው? እውነት ይሄን እህትህ ናት የሳለችው?"

እርሳስ ከኋላዋ ቆማ በአይኗ "በል እንጂ" ትለኛለች።

"ጎበዝ ልጅ ናት" አልኩ። "መገልበጥ ላይ።"

ፈታኟ ተነፈሰች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ወደ ውስጥ መልሳ ባዶ ወረቀት አቀረበችላት። "ነይ፣ እዚሁ ሳዪና እንየው።" እህቴ ወረቀቱን አላየችውም፤ በበሩ በኩል እኔን ነበር የምታየኝ። እርሳሱን ከጆሮዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ለእማዬም አልነገረችም። እንደውም እማዬ "ፈተናው ከባድ ነበር አሉ፣ እህትህን አጽናናት እንጂ" ትለኛለች።

ትናንት ምሳ ላይ ሦስታችንም ተቀምጠናል። እማዬ ስልኬን አንስታ ገጼን ከፈተች፤ ልጄ ምን እየጻፈ ነው ብላ ነው። ገጽ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ስልኩን ከአይኗ አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው።

"ውይ! ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?"

እርሳስ ከሳህኗ ቀና አላለችም።

"ቁርጥ አንተን! ማነው የሳለህ? ይሄ ሰው በደንብ ነው የሚያውቅህ።"

"አላውቀውም" አልኳት።