አራት ወንበር ወደ ባሕር

ከሰርቢያዋ ሌስኮቫትስ እስከ ግሪክ ባሕር አራት ሰው ያለ መኪና፣ ያለ ብድርና ያለ ጭቅጭቅ የሚያደርስ ጭንቅላት በዚህች ከተማ ካለ፣ የኮሳራ ጭንቅላት ነው። ይህን ያለው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ራሷ ኮሳራ ናት። ያለችውም አንዴ ብቻ አይደለም። ለዳቦ ሻጯ፣ ለክፍል ጓደኞቿ፣ አጥር ተደግፎ ሲጋራውን ለሚያጨሰው ጎረቤት ሳይቀር ነግራለች። ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ነው፤ ምላሷ ግን ከዕድሜዋ በእጥፍ ይበልጣል።

አባቷ ሚሎዬ አሮጌዋን መኪና ከሸጣት ወዲህ እዚያ ቤት ባሕር የሚባል ነገር አይነሳም ነበር። አንድ ሰው ካነሳም "መኪና የሌለው ሰው ባሕርን በቴሌቪዥን ይይ" ይልና ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኮሳራ ግን የበረዶውን ወራት ስልኳ ላይ ተደፍታ ከረመች። ከመናኸሪያው ጀርባ አመሻሹ ላይ ተነስቶ ጠዋት የግሪኳ ባሕር ዳር ከተማ ሌፕቶካሪያ የሚያራግፍ አውቶቡስ አገኘች። ከሚቆምበት ሦስተኛው ቤት ሁለት ክፍልና አንዲት ምድጃ ያለው ማረፊያ አገኘች። ታክሲ አያስፈልግም። ከአልጋ እስከ ውሃው ሦስት መቶ ሰማንያ እርምጃ፤ ካርታው ላይ በጣቷ ለክታዋለች። ሻንጣው በአያቷ የገበያ ጋሪ ይጎተታል። ምግቡም ከቤት ይጫናል፤ የተጠበሰ ቃሪያ በጠርሙስ፣ ቦሎቄ፣ ቋሊማ።

"ቋሊማውን ድንበር ላይ ይወስዱታል" አለ ሚሎዬ።

"ተቀምጬበት እሄዳለሁ" አለች እናቱ፣ እማማ ስቶያንካ። "የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት 'ተነሺ' የሚል ፖሊስ ካለ፣ እናቱ አላሳደገችውም።"

የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት የኮሳራ እናት ቬሪትሳ ናት። ቬሪትሳ የጂንስ ፋብሪካ ውስጥ ኪስ ትሰፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ኪስ ብቻ። ፋብሪካው ሠራተኛውን በሙሉ አንድ ላይ የሚያሳርፈው በሐምሌ ለሁለት ሳምንት ነው፤ የቤታቸው ስላቫ ደግሞ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ በዚያው በዕረፍቱ መሐል ይውላል። ስላቫ ማለት የቤቱ ጠባቂ ቅዱስ ዝክር ነው። ሻማ ይበራል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የተቀቀለ ስንዴ ይቀመሳል፤ ከዚያ በኋላ ሰው እስኪጠግብ ይበላል። ለስላቫ ማንም አይጠራም። በሩ ክፍት ነው፤ የሚመጣው ይመጣል። ስለዚህ የቬሪትሳ ዕረፍት በየዓመቱ አራት ቀን ለማብሰል፣ ሁለት ቀን ለማብላት፣ የቀረው ደግሞ ዕቃ ለማጠብና ወገብ ለማሸት ይሄዳል።

ባሕርን ያየችው አንድ ጊዜ ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ትምህርት ቤቱ ሞንቴኔግሮ ወስዷቸው ነበር። ዝናብ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ካፌ ሲገቡ እሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቆመች። ወዲያው መምህሩ አውቶቡሱ በር ላይ ሆኖ ስም መጥራት ጀመረ።

"ስሜ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ትንሽ እቆይ ነበር" ትላለች ሁልጊዜ። ከዚያ ሌላ አትጨምርም።

የአውቶቡሱ ወንበር ከተያዘ ወዲህ ግን ማታ ማታ፣ እግሯን በገንዳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ልጇን አንዳንድ ነገር ትጠይቅ ጀመር።

"ኮሳራ፣ ሌሊት ድምፁ ይሰማል?"

"መስኮቱን ከከፈትሽ ይሰማል እማዬ።"

በማግስቱ ደግሞ፣ "ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ነው ሰው የሚበዛው?"

"ከሦስት ሰዓት በኋላ። ምነው?"

"እንዲያው ነው።"

ከገበያ ሰማያዊ የዋና ልብስ ገዝታለች። ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት ሳትቆርጥ መታጠቢያ ቤት ገብታ ትለካዋለች፤ ውሃው እየፈሰሰ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። ሚሎዬ በሩን ሲያንኳኳ "ምን እየሠራሽ ነው?" ይላል። "እየታጠብኩ" ትላለች፤ ደረቅ ፀጉሯን ይዛ ትወጣለች። ኮሳራ ይህን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል፤ አፏን ግን አትዘጋም። "ዘንድሮ ጣትሽን አታነሺም! እኔ አቅጃለሁ፣ አለቀ!" ትላለች።

አላለቀም ነበር። እማማ ስቶያንካ አንድ ቀን ጠዋት እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

"ሻማውስ?"

"የቱ ሻማ አያቴ?"

"የጴጥሮስ ሻማ ነዋ! ለቤቱ ስላቫ ሻማ ሳላበራ ጨው ውሃ ውስጥ ልንቦጫረቅ? ብሞት አልሄድም።"

ኮሳራ አያቷን እየጎተተች ቄሱ ዘንድ ወሰደቻት። ቄሱ አትክልታቸውን ውሃ ያጠጡ ነበር። ቀና ብለው "ይዛችሁት ሂዱ፣ እዚያው አብሩት። ቅዱሱ አድራሻ አይጠፋውም" አሉ። እማማ ስቶያንካ ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ዋለችና ማታ ሻማውን በፎጣ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች።

ቀጥሎ ሚሎዬ ተነሳ። "ሰው መጥቶ በር ዝግ ቢያገኝ ስማችን አለቀ። ከስንት ዓመት በፊት በስላቫ በሩን የዘጋ ሰው እስከ ዛሬ ይወራበታል።"

"እሱን ለእኔ ተወው" አለች ኮሳራ።

የዘመድ ሁሉ የስልክ መወያያ ገጽ አለ፤ የሠርግ ፎቶና የወገብ ሕመም መድኃኒት የሚላላኩበት። እዚያ ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፤ "ዘንድሮ ስላቫችን ሌፕቶካሪያ፣ ባሕር ዳር ነው። ሌስኮቫትስ ቤት ማንም የለም።" እዚህ ላይ ብታቆም መልካም ነበር። ግን ይህን ያህል የደከመችበትን ዕቅድ ማንም ሳያየው ሊቀር ነው? የአውቶቡሱን ሰዓት፣ የማረፊያውን ስምና ስልክ፣ ዋጋው እንዴት እንደረከሰላት፣ ከአልጋ እስከ ውሃው ያለውን እርምጃ፣ ሁሉንም ዘረዘረችው። ከታች የባሕሩን ፎቶ ለጠፈች። ሃያ ሰው ልብ ላከላት። ያን ቀን በኩራት እግሯ መሬት አልነካም።

በሦስተኛው ቀን አክስቷ ሊዩቢንካ ደወለች። የሚሎዬ ታላቅ እህት ናት፤ ስልክ ላይ የምታወራው ተራራ ማዶ ላለ ሰው እንደምትጣራ ነው።

"ኮሳራዬ! አንቺማ ሚኒስትር መሆን ነበረብሽ! አምስታችንም ወንበር ይዘናል፣ እዚያው አውቶቡስ ላይ! አጎትሽ ራዲሳቭም ከነቤተሰቡ ተመዝግቧል፣ እነሱ ስድስት ናቸው። የያዝናቸው ክፍሎችም ከእናንተ በላይ ያሉት ናቸው። ያለ መኪና ይቻላል ብሎ ማን አስቦ ያውቃል?"

"አክስቴ... እኔ የጻፍኩት እኮ ቤት እንዳትመጡ ብዬ ነው።"

"ቤትማ ማን ይመጣል? ስላቫው ባሕር ዳር ነው አልሽ እኮ።"

"አዎ፣ ግን..."

"ስላቫ ያለበትን ቦታ ነግሮ 'አትምጡ' የሚል ክርስቲያን አለ? በይ ለእናትሽ ንገሪልኝ፤ ያንን የጎመን ጥቅሏን እንዳትረሳ። ትልቁን ድስት እኔ አመጣለሁ፣ እሷ አትቸገር!"

ኮሳራ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ ደውልላት! አይሆንም በላት!"

ሚሎዬ አገጩን አከከ። እንደ መከፋት ብሎ ነበር፤ ዐይኑ ግን ትንሽ ስቋል። "የስላቫ እንግዳ አይመለስም፣ ልጄ። ጠላትም ቢሆን አይመለስም፤ እንኳን እህቴ።"

"ሲበዛ ይደምቃል" አለች እማማ ስቶያንካ ከመስኮቱ ሥር። "ቋሊማው ግን አይበቃም።"

የሊዩቢንካ ድምፅ ኩሽናው ድረስ ይሰማ ስለነበር ለቬሪትሳ የሚነግራት አላስፈለገም። ከኩሽናው ወጣ አለች። ወንበር ላይ የተሰቀለውን ሰማያዊ የዋና ልብስ አነሳች፣ ለሁለት አጠፈችው፣ ለአራት አጠፈችው፣ መሳቢያው ሥር ከተተችው። ከዚያ የኮሳራን ደብተር ስባ ከጀርባው መጻፍ ጀመረች። ሩዝ። የተፈጨ ሥጋ። ጎመን፣ ስድስት ራስ።

ኮሳራ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ እኔ እኮ እረዳሻለሁ። ሽንኩርቱን እልጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ቀድመን ተነስተን አብረን እንወርዳለን፣ አክስቴም ብትመጣ ምን አለበት..."

ቬሪትሳ መጻፏን አላቆመችም። በርበሬ። ጨው።

"እማዬ፣ አናግሪኝ እንጂ! ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለአንቺ ብዬ ነው እኮ!"

ቬሪትሳ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ቀና አለች።

"ለእኔ ብለሽ ቢሆን ኖሮ" አለች፣ "አንድ ወንበር ይበቃ ነበር።"