መርሁም አባቴ

አሰጋሽ ሰፌዱን እንዳነሣች ቀረች። ምሳ አድርሳላት ከጆንያው ክምር ጥላ ሥር ድርሰቷን በዐረብኛ የምትሸመድደው ልጇ በላይነሽ አሁን ያለችው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ተሰንቅሯል።

"እስቲ ድገሚው።"

"የቱን?"

"አሁን ያልሽውን ነዋ። ዋሊዲ ምን?"

"ዋሊዲ አልመርሁም" አለች በላይነሽ፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

አሰጋሽ ፊደል የቆጠረችው አንድ ክረምት ብቻ ነው። ዐረብኛውን ግን ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ስታበጥር ከሰው አፍ ለቅማዋለች፤ ዋሊዲ አባቴ ማለት ነው፤ መርሁም የሚባለው ማን እንደሆነም ታውቃለች። ሱዳኖቹ ለቅሶ ተቀምጠው የሟቹን ስም ሲጠሩ የሚያስከትሉት ቃል ነው፤ ነፍሱን ይማረው እንደ ማለት። በሕይወት ላለ ሰው አይባልም።

"አባትሽ መቼ ሞተ?"

"እማ፣ ድርሰት እኮ ነው።"

"በቀደም ከኒው ሀልፋ ሸንኮራ እርሻ ስኳር የላከልን ታዲያ ማነው? መንፈስ ነው?"

"ኡስታዝ ናቸው ያስጠኑን። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጽፍ። አባት የሞተበት ነው የሚያልፈው አሉ።"

አሰጋሽ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች። "ነይ ተከተይኝ" አለቻት።

ፈተናው ቅዳሜ ነው። ከአገር ተሰደው ገዳሪፍ የገቡ ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ስለ ሕይወታቸው በዐረብኛ አንድ ድርሰት ይጽፋሉ፤ ያለፉት አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ። የሚያልፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የወደቀች ልጅ ወይ ሰው ቤት ትቀጠራለች፣ ወይ እንደ እናቷ ሰሊጥ ስታበጥር ትውላለች። አሰጋሽ ደግሞ ልጇ ሰፌድ እንዳትይዝ ስትል ነበር ይህን ሁሉ ዓመት አቧራ የዋጠችው።

ትምህርት ቤቱ ራኩባ የሚሉት በሣር የተከደነ ዳስ ነው። ገና ከበሩ ሳትደርስ የልጆቹ ድምፅ ተቀበላት፤ ሁሉም በአንድ አፍ አባቶቻቸውን ይገድላሉ። መርሁም አባቴ ውኃ ሊቀዳ ወረደ። ወታደሮቹ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጠበቁት። ውኃው ከደሙ ጋር ፈሰሰ።

አሰጋሽ ቆመች። ይህን ሞት ታውቀዋለች። መተማ ላይ ውኃ ሊቀዳ ወርዶ የቀረው ጀማሉ ነው፤ በየቀኑ አጠገቧ ቁጭ ብላ የምታበጥረው የራሒማ ባል። ልጁ ሙዘይን ያንን ጽፎ ነው አምና ያለፈው። አሁን ክርስቲያኑም እስላሙም ልጅ፣ አባት ያለውም የሌለውም፣ የጀማሉን ሞት ይዘምራል።

መምህሩ አብዱልናስር ሲያያት ጠመኔውን አስቀመጠ።

"ምነው በደኅና ነው፣ እትዬ አሰጋሽ?"

"ቤቴ ለቅሶ ገብቶ ነው፣ ኡስታዝ። ያረዳኝ ሰው ግን የለም።"

"ማን ሞቶ?"

"ባሌ አንዳርጌ። የገደሉትስ እርስዎ አይደሉ? ተዝካሩን መቼ ላውጣ ብዬ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።"

ልጆቹ ሳቁ። አብዱልናስር ግን አልሳቀም። "ውጭ እንነጋገር" አለ።

"ምን በወጣኝ! ሲገድሉት እዚህ ልጆች ፊት አይደል?"

መምህሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይስሙኝ። አራሚዎቹ የሚያዩት የወረቀት ቁልል ነው። የሚያሳልፉት ያስለቀሳቸውን ነው። አምና 'አባቴ ሸንኮራ ይቆርጣል፣ እናቴ ሰሊጥ ታበጥራለች' ብለው እውነቱን የጻፉት ሁሉ ወደቁ። ከዚህ ክፍል አንድ ልጅ ብቻ አለፈ።"

"ሙዘይን። እሱ ያየውን ነው የጻፈ። የገዛ አባቱን።"

"አውቃለሁ። እኔም ወድጄ መሰለዎ? ያስተማርኳቸው ልጆች ወድቀው ገበያ ለገበያ ሲንከራተቱ ማየቱ አንገሸገሸኝ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።"

ክፉ ሰው አለመሆኑ አሰጋሽን የባሰ አነደዳት። ክፉ ቢሆን ሰድባው ትሄድ ነበር።

"ደርግ ስንት ሌሊት በር ሰብሮ የፈለገው ሰው ነው አንዳርጌ። እህል ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ተረፈ። ደርግ ያልቻለውን አንተ በእርሳስ ቻልህ" አለችው። እርስዎ ማለቷን መተዋን ልብ አላለችም።

ሁለተኛው መደዳ ላይ የሙዘይን እኅት ዘሐራ አቀርቅራ ተቀምጣለች። ልጆቹ ሲሉ ከነበረው አንዱንም ቃል እንዳላለች ፊቷ ያስታውቃል።

"ይህችስ ልጅ ቅዳሜ ምን ልትጽፍ ነው? የአባቷን ሞት ለክፍሉ አድለህ ጨርሰኸዋል። እሷ ስትጽፈው ከማን ኮረጅሽ ሊሏት ነው?"

አብዱልናስር ወደ ዘሐራ አየና ዐይኑን ወዲያው መለሰ። ይህ ነገር ጨርሶ አልመጣለትም ነበር። ቢሆንም ከልጆቹ ፊት ነውና ወደ ኋላ ማለት አልቻለም።

"በላይነሽ እንደሌሎቹ ካላጠናች ክፍል ውስጥ አትቀመጥም" አለ። "ሌሎቹን ታሳስትብኛለች። ብትወድቅም በእኔ እንዳያሳብቡ።"

"አላሳብብም። አንተ ግን የባሏን ሞት ለክፍሉ ማደልህን ለራሒማ ሄደህ ንገራት። አለዚያ እኔ ነኝ የምነግራት።"

መንገድ ላይ በላይነሽ አለቀሰች። እናቷ ጥላ ፍለጋ ኒም ዛፍ ሥር እስክትቀመጥ ድረስ ለቅሶዋን አላቆመችም።

"ደስ አለሽ? እንግዲህ ቅዳሜ ባዶ ወረቀት ልሰጥ ነው።"

"ለምን ባዶ? አባት የለሽም?"

"ምን ብዬ ልጻፍ? የዘሐራ አባት ተገደለ። የኛ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም እኮ።"

አሰጋሽ እጇ ለጥፊ ተነሥቶ ነበር፤ መልሳ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ምንም አለመሆኑ ስንት እንዳስከፈላቸው ለልጅቱ ነግራት እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት።

"ደብተርሽን አውጪ" አለቻት። "አባቴ አለ ብለሽ ጀምሪ።"

"እንደዚያ ተብሎ አይጀመርም።"

"ዐረብኛው ቃል የለውም?"

"አለው። መውጁድ።"

"እንግዲያው ጻፊው።"

"ብወድቅስ?"

አትወድቂም ልትላት ፈልጋ ነበር። ውሸት በቃኝ ብላ ከክፍል የወጣች ሴት ሌላ ውሸት ከአፏ አልወጣ አላት።

"ልትወድቂ ትችያለሽ" አለች።

በላይነሽ አፍንጫዋን ጠረገች። የተሸመደደውን ገጽ ገልብጣ ንጹሑ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። ቀጥላም ሌላ አንድ። ከዚያ እርሳሷን አቆመች።

"እማ፣ አባባ ሸንኮራ የሚቆርጥበት ምን ይባላል?"

"ገጀራ ነዋ።"

"በዐረብኛ ነው ያልሁ።"

አሰጋሽ አታውቀውም። ተነሥታ ወደ መንገዱ ወጣችና በአህያ ጋሪ የሚያልፈውን ሱዳናዊ ሽማግሌ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።