የጋሽ አለሁ መስመር

"መልሺያት አልኩሽ። ያለ ሥራ አልተቀመጠችም።"

"ሥራዋ ምንድን ነው ጋሼ? እሱን ይንገሩኝና አሁኑኑ እመልሳታለሁ።"

በጋሽ አለሁና በወጣቷ መሐንዲስ መካከል ጠዋት የጀመረው ጭቅጭቅ ምሳ ሰዓትን ተሻግሯል። የሚጨቃጨቁባት አንዲት የኮድ መስመር ናት፤ ጋሽ አለሁ ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የሆስፒታል መሣሪያ ስርዓተ ክወና እምብርት ውስጥ የጻፏት። ሥራዋ በየቅጽበቱ "አለሁ" የምትል ቃል ማንም በማያየው ማኅደር ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ቅጽል ስማቸውንም ያወጣችላቸው እሷ ናት። ወጣቷ መሐንዲስ ኮዱን ስታጸዳ አትጠቅምም ብላ ሰረዘቻት። ከዚያ ወዲህ የጨቅላ ሕፃናትን ትንፋሽ የሚከታተለው መሣሪያ አልፎ አልፎ መዋሸት ጀመረ፤ ትንፋሹ ቆሞ እያለ ስክሪኑ የቅድሙን ደህና ቁጥር ይዞ ይቀራል።

አለቃው በሩን ተደግፎ፣ መስመሯ ትመለስና መሣሪያዎቹ ዛሬውኑ ይጫኑ፣ ሆስፒታሉ እየጠበቀ ነው አለ። ልጅቷ ግን ድርቅ ብላ አስረዳች። ፕሮሰሰሩ አዲሱን ቁጥር ጉያው ውስጥ፣ በጊዜያዊ ማከማቻው ይሸጉጠዋል፤ ስክሪኑ የሚያነበው ደግሞ ከዋናው ማኅደረ ትውስታ ነው። "አለሁ"ን ለመጻፍ ቦታ ሲጠበው የሸጎጠውን ያወጣል፤ ያውም በአጋጣሚ።

"አንድ ቀን ባይጠበውስ? የሰው ልጅ ነው አልጋው ላይ የሚተኛው" አለች።

አለቃው እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ ሰጥቷቸው ሄደ።

ጠረጴዛው ላይ ለሙከራ የተሰካው የጎማ ሳንባ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። የከሰዓት ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ አብራው የምትተነፍስ ትመስላለች። የጋሽ አለሁ ስልክ ጠራ፤ ባለቤታቸው ናቸው።

"አለሁ" አሉ እንደ ልማዳቸው።

"ድምፅህማ አለ" አሉ ሴትዮዋ፣ ያለ ቅያሜ፤ ቀስ ብለውም ዘጉት።

ልጅቷ የፕሮሰሰሩን ጉያ እንዲያራግፍ የተጻፈውን ትእዛዝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ፕሮሰሰሩ የሚያወጣው በእሽግ በእሽግ ነው፤ ኮዱ የመረጃውን ርዝመት ለእሽጉ መጠን ያካፍልና ስንት እሽግ እንደሚወጣ ያሰላል። ጋሽ አለሁ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ሰመመን ወሰዳቸው። ድሮ ቤት ሲቀይሩ ታያቸው። ዕቃው ስንት ሙሉ መኪና እንደሚወጣው አስልተው የተከራዩት እሳቸው ነበሩ። መኪኖቹ ጢም ብለው ሄዱ። ባዶው ክፍል ውስጥ ግን የልጃቸው ትንሽ አልጋ ብቻዋን ቀርታለች፤ ባለቤታቸው አጠገቧ ቆመው በር በሩን ያያሉ።

"ትርፉስ?" አሉ።

"የምን ትርፍ?"

"ስታካፍዪ የሚተርፈው። እሽግ የማይሞላው። እሱን ማን ያወጣዋል?"

ልጅቷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ስሌቱን ደግማ አነበበች። ማንም አያወጣውም ነበር። የትንፋሹ ቁጥር የተቀመጠው ደግሞ እዚያው የመረጃው ጭራ ላይ ነው። ትርፍ ካለ አንድ እሽግ እንዲጨመር አድርጋ አረመችው፤ ከዚያ የጎማውን ሳንባ በእጇ ጨምቃ ያዘችው። ቁጥሩ ወረደ፤ ማንቂያው ጮኸ። ለቀቀችው። ደግማ ያዘችው። መሣሪያው አንድም ጊዜ አልዋሸም።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ እየሮጠ መጣ። አለቃው እየሳቀ፣ ለማንኛውም ያቺ መስመርም ትመለስ፣ የለመደች ናት አለ። ልጅቷ ወደ ጋሽ አለሁ ዞረች። ከንፈሯ ላይ የጠዋቱ እልህ የለም።

"እንደ እርስዎ ነው ጋሼ። ካሉኝ እመልሳታለሁ።"

"ተያት" አሉ። "ተኝታ ትረፍ።"

ሰዎቹ ጠረጴዛውን ከበው ሳንባውን በተራ መጨበጥ ያዙ። ጋሽ አለሁ ኮታቸውን ከወንበሩ ጀርባ አነሱ። ስልካቸውን አውጥተው ጥቂት አዩትና ሳይደውሉ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ደረጃው ላይ ፀሐይ አለች፤ ወደ ቤታቸው ለመሄድ በዚህ ሰዓት ወርደውበት አያውቁም። ከላይ ማንቂያው እንደገና ጮኸ፣ ሳቅም ተከተለው።