ለካሪን የተሞሉ ጥይቶች

ላይል ቶርቪክ ስለ ጥይት ማውራት ከጀመረ ልታስቆመው የምትችለው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ካረፈች ቆየች። ስለዚህ የካልደር ክሪክ ሰው ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገም፣ የላይልን ትምህርት እስኪያንገሸግሸው ሰምቷል። ከሱቅ የሚገዛ ጥይት ለላይል የሰነፍ ጥይት ነው። እሱ ቀለሁን ራሱ ያጥባል፣ ባሩዱን ራሱ ይመዝናል፣ አረሩን ራሱ መርጦ ቀለሁ አፍ ላይ ይተክላል። በሞንታና ተራራ ኤልክ የሚባለውን የፈረስ ያህል አጋዘን ለመጣል ሰዉ ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጠመንጃ ይይዛል፤ ላይል ደግሞ ለማግነም ከከባድ አረር ሌላ አያውቅም። ከባዱ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ግን አጥንት አያስቆመውም ባይ ነው። ቀላልና ፈጣን አረር የሚወዱትን ሰዎች ሰላም ይላቸዋል፤ ከዚያ በላይ ግን አያምናቸውም።

ዘንድሮ ለልጁ ለካሪን ሲል ከዚህ እምነቱ ወጣ። ካሪን ጥርሷን ከነቀለች ጀምሮ ተኳሽ ናት፤ በእሷ የማይቀና አባት አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን መጥፎ አመል አመጣች። ቃታ ስትስብ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ታዞራለች። በዚያ አገር ይህ ትልቅ ነውር ነው። በበጋው ዒላማ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንዲህ ስትደነብር ላይል መግቢያ ቀዳዳ ጠፋው። ጓደኛው ድዌይን ደግሞ አይቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም፤ ቁርስ ቤት ውስጥ ጠብቆ ያዘው።

«ስማ እንጂ ላይል፣ ልጅህ ከጠመንጃው ጋር ተኳርፋለች እንዴ? ፊቷን አዙራ እኮ ነው የምታናግረው።»

«የጠመንጃው ርግጫ በዝቶባት ነው» አለ ላይል፣ እንቁላሉን በሹካ እየወጋ።

«እንግዲያው ቀለል ያለ አረር ሙላላታ! ወይስ ሃይማኖት መቀየር ሆነብህ?»

ላይል ነገሩ ከንክኖት ወደ ቤቱ ሄደ። ለአደን መክፈቻው ማለዳ ለካሪን ቀላል አረር ሊሞላላት ወሰነ። መወሰኑን እንኳ ወሰነ፤ ግን ሆዱ አልቆረጠም። ቀላሉን አንስቶ ያገላብጣል፣ መልሶ ከባዱን ያነሳል፣ እንደገና ቀላሉን። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ዓይነት አረር በላይ አይቀመጥም። ይህን ሕግ ለድዌይን ያስተማረው ራሱ ላይል ነው። በመክፈቻው ዋዜማ ግን ሁለቱም ካርቶኖች አፋቸውን ከፍተው ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋሉ።

ላይል ለማንም ያልተናገረው ነገር ደግሞ ነበር። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ እየጋረዳቸው ነው። ሐኪሙ ነግሮታል፣ ቀጠሮም ሰጥቶታል፤ እሱ አልሄደም። የዓይኑን ሕመም ካመነ መንጃ ፈቃዱንም ጥይት የሚሞላባትን ጠረጴዛም የሚነጥቁት መስሎት ነበር።

ካሪን በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ መጥታ የተሞላላትን ጥይት ወሰደች፤ ጉንጩን ሳመችውና ወደ ተራራው ነዳች። ላይል ቁርሱን በልቶ ጠረጴዛውን ሊያጸዳ ገባ። ትናንት ሲሞላ አረሩን ይዘግንባት የነበረችውን የእንጨት ሳህን አነሳና የቀሩትን አረሮች ወደ ካርቶናቸው ሊመልስ መዳፉ ላይ ገለበጣቸው። ዓይኑ ምንም አላየም። ጣቶቹ ግን አንዱን ሲያንከባልሉ ረዘመባቸው። ሌላውን አነሳ፤ አጭር ነው። ሚዛኑ ላይ አስቀመጣቸው። አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ። ሳህኑ ውስጥ ተደባልቀዋል።

ባሩዱን የመዘነው ለቀላሉ አረር ነው፤ ቀላሉ ሳይለግም ስለሚወጣ ብዙ ባሩድ ይችላል። ያንኑ ባሩድ ከከባዱ ሥር ካስቀመጡት ግን፣ ከባዱ አልገፋ ይላል፣ የታመቀው እሳት ሌላ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ወደ ኋላ ነው፣ ወደ ተኳሹ ፊት። አረሩን ቀለሁ ላይ የሚተክለው ማሽን ደግሞ ሁሉንም ወደ አንድ ቁመት ስለሚያወርዳቸው ካሪን ጥይቶቹን ደርድራ ብታያቸው እንኳ ልዩነታቸው አይታያትም።

ደወለላት። ተራራው ላይ ስልክ አይሠራም፤ ይህን ያውቃል፣ ቢሆንም ደጋግሞ ደወለ። ቀጥሎ የድዌይንን ቁጥር አወጣ። ድዌይን ዓይኑ ደህና ነው፣ ቤቱም ተራራው ሥር ነው። ግን ምን ብሎ ይንገረው? ነገ ጠዋት ቁርስ ቤቱ በሙሉ ይህንኑ ሲያኝክ ይውላል። ስልኩን ኪሱ ከተተና የመኪናውን ቁልፍ ያዘ።

ጠጠሩ መንገድ ላይ ሲደርስ ባደረገው ነገር ራሱን ጠላ። የልጁ ዓይን አደጋ ላይ ነው፤ እሱ ስለ ወሬ ያስባል! ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ ግን መስመሩ ጠፍቶ ነበር። ፀሐይዋ በረዶው ላይ አርፋ ፊት ለፊቱን ነጭ መጋረጃ አደረገችበት። የመንገዱን ዳር የሚያውቀው ጎማው ሲንሸራተት ነው። አንዴ የአጥር እንጨት ገጭቶ የጎን መስታወቱን አስወሰደው፤ አልቆመም። ከንፈሩ «አትተኩሺ፣ አትተኩሺ» ይላል፣ ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

መንገዱ የሚያልቅበት ጋ የካሪን ፒክአፕ ቆሟል። ላይል በአደን ያረጀ ሰው የማያደርገውን ነገር አደረገ። የመኪናውን ጥሩምባ ተጭኖ አለቀቀውም። ድምፁ ከሸለቆ ሸለቆ ሲያስተጋባ አንድ ብርቱካናማ የአዳኝ ሰደርያ የለበሰ ሰው ከዛፎቹ መሃል እየተሳደበ ወጣ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ጤና የለህም? አገሩን በሙሉ እኮ ከአውሬ ባዶ አደረግከው!»

«ሴት ልጅ አላየህም? ረጅም፣ ብቻዋን?»

«ወደ ላይ ነው የሄደችው፣ ወደ ሸንተረሩ። ቆይ፣ ምን ሆነህ ነው? ታመህ...»

ሰውየው ሳይጨርስ ከላይ ከሸንተረሩ ጠመንጃ ጮኸ። ላይል የራሱን ጥይት ድምፅ ከሺህ መሃል ይለያል፤ ይሄኛው ደረቅና ክፉ ነበር። ሁለተኛ ተኩስ ጠበቀ። ማንኛውም አዳኝ ያቆሰለውን ለመጨረስ ይደግማል፣ ካሪንም ትደግማለች። አልደገመችም። ነፋሱ እንኳ ቀጥ ያለ መሰለው።

ሸንተረሩን እንዴት እንደወጣው አያስታውስም። ወድቋል፣ ተነስቷል፣ በእጁ ቧጥጧል፣ ስሟን ጠርቷል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ደግሞ ስሟን በሆዱ ጠርቷል። ሰውየው ከኋላው ይከተለው ነበር፣ ቀድሞት ለመሄድ ግን አልደፈረም።

ካሪን የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። ጠመንጃው ጉልበቷ ላይ ነው፤ የተጣበቀውን መቀርቀሪያ በድንጋይ እየመታች ልትከፍተው ትታገላለች።

«አባዬ? ያንን ጥሩምባ ስትነፋ የነበርከው አንተ ነህ?»

«ዓይንሽ! ዓይንሽን አሳዪኝ!»

«ዓይኔ ደህና ነው። ተረጋጋ፣ ቁጭ በል። እሳት በኋላ በኩል ወጣና ጆሮዬ ሥር ለብለብ አደረገኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም። ፊቴን አዙሬ ነበር።»

ላይል በረዶው ላይ ተዘረፈጠ። ተከታዩ ሰውዬ ሁለቱንም አያቸውና ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ወደ መጣበት ተመለሰ።

«ሁለቱን አረር ደባልቄብሽ ነው» አለ ላይል። «ርግጫው እንዳይበዛብሽ ብዬ... ቀላሉን ልሞላልሽ ብዬ...»

«የምን ርግጫ?»

«ስትተኩሺ የሚያስደነብርሽ ነዋ።»

ካሪን ድንጋዩን አስቀመጠችው። የምትለውን ለማለት ሳትፈልግ ብዙ ጊዜ የቆየች ሰው ትመስል ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ርግጫ ፈርቼ አላውቅም። የምፈራው ጥይቱን ነው። ያን ጊዜ ውሻው ትራስ መስሎህ የተቀመጥክበት ቀን የለም? ሁላችንም ሳቅን፣ አንተም አብረህ ሳቅህ። እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ አንተ የሞላኸውን ጥይት አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቴን ሳላዞር ተኩሼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ተኮስሽው? ሱቅ ሞልቶ የለም?»

«አንተ ነሃ የሞላኸው!» ድምፅዋ ተሰበረ፣ ተቆጣችም። «ከሱቅ ገዝቼ ብመጣ ምን ልትሆንብኝ ነው? ከእማዬ በኋላ ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው የቀረህ። ስጦታ አድርገህ በሁለት እጅህ ስትሰጠኝ 'አልፈልግም' ልበልህ?»

ላይል በሰው ፊት ያፈረበት ያ አመሏ፣ ድዌይን ያላገጠበት፣ እሱም እንቅልፍ አጥቶ ሊያስለቅቃት የደከመበት፣ ምንጩ እሱ ራሱ ነበር። ዛሬ ዓይኗን ያተረፈላትም ያው አመሏ ነው። እያለቀሰ መሆኑን ያወቀው ጢሙ ሲርስ ነው።

እየዳኸ ተጠጋትና ፀጉሯን ከጆሮዋ ወደ ኋላ አደረገው። ቃጠሎውን ሊያይ ዓይኑን አጠበበ፣ ራሱን ወዲህም ወዲያም አዘነበለ፣ አፍንጫው ጉንጯን እስኪነካ ድረስ ቀረበ።

«የቱ ጋ ነው?» አላት በመጨረሻ። «አይታየኝም፣ ልጄ።»

ካሪን የአባቷን ጣት ያዘችና ቀስ ብላ ቁስሉ ላይ አሳረፈችው።