አሥራ ሁለት ምን?

«ሰነፍ ናቸው ካልኩህ ሰነፍ ናቸው» አለች ሚስትየው። «እኔ አመከንኳቸው እንጂ አላሰነፍኳቸውም። ስንፍናውን የወረሱት ከአሳዳጊያቸው ነው።»

ባልየው የመስታወቱን ሣጥን አቅፎ ቆሟል። ሣጥኑ ውስጥ ወንድ የፍራፍሬ ዝንቦች ወለሉ ላይ ተዘርረዋል፤ ሴቶቹ እየተረማመዱባቸው ያልፋሉ፤ ከወንዶቹ ግን ቀና ብሎ ያየ አንድ እንኳ የለም። ጨረር ክፍል ያልገቡት ወንድሞቻቸው ለዓይን የሚያሳፍሩ እንደሆኑ፣ ሴት ቢያጡ የሣጥኑን ብሎን ሳይቀር እንደሚያሽኮረምሙ ባልየው በዝርዝር አስረዳ። እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ጭቅጭቁ ቁርስ ላይ ተጀምሮ፣ መኪና ውስጥ ቀጥሎ፣ አሁን ነጭ ጋዋን ለብሶ ሥራ ገብቷል።

ሥራው ዝንብ ማርባት ነው። ባልየው፣ ሠራተኞቹ «አባ ዝንብ» የሚሉት፣ በሕንፃው አንድ ክንፍ ያራባል። ዝንቦቹ ገና በቡናማ ሽፋናቸው እንዳሉ ወንድ ወንዱ ተለይቶ ወደ ሚስቱ ክፍል ይሄዳል፤ እሷም በእርሳስ ብረት የተለበጠው የጨረር መኪና ውስጥ ትከታቸውና እዚያ ያለው ኮባልት በጨረሩ ያመክናቸዋል። ከዚያ ማንጎ እርሻ ላይ ይለቀቃሉ። የዱሯ ዝንብ ባል አገኘሁ ብላ ትደሰታለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ አንዱም አይፈለፈልም። ባጭሩ ሙያቸው ማታለል ነው። ጨረሩ ካነሰ ሙሽራው ይወልዳል፤ ከበዛ ደግሞ እንደነዚህ ሰርጉ ላይ ይተኛል።

ዳይሬክተሩ ከጠዋት ጀምሮ ፈርዶ ነበር። ዘሩ አርጅቷል፤ እኩለ ቀን ላይ ያለው በሙሉ የፈላ ውኃ ይደፋበትና ከሌላ ቦታ አዲስ ዘር ይምጣ ብሏል። ባልየው ያንን ዘር የጀመረው ፀጉሩ ጥቁር በነበረበት ጊዜ ነው። ትልልቆቹን እናት ዝንቦች በስም ባይጠራቸውም በጠባይ ይለያቸዋል ይባላል።

ሚስትየው ግን ስለ ሂሳቧ አትጠራጠርም። ለማምከን መቶ ግሬይ ጨረር ያስፈልጋል፤ እሱም በድሮው የጨረር መለኪያ አሥር ሺህ ራድ ነው። አዲሱ ኮባልት ከገባ ወዲህ መኪናው በሰከንድ አሥራ ሁለት ራድ ይሰጣል። አሥር ሺህ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ወደ አሥራ አራት ደቂቃ ይመጣል። የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው፤ ደግሞም ደጋግማ ሠርታዋለች።

ይሁን እንጂ የባሏ ፊት የደረሰበትን ስታይ አፉን ለማዘጋት ብላ አንድ ነገር አደረገች። ጨረር ሲያርፍበት ቀለሙ የሚጠቁር ፊልም ቆርጣ ከዝንቦቹ ጋር ከተተችና ሰዓቱን ያንኑ አሥራ አራት ደቂቃ ገደማ ሞላች። ፊልሙ ሲወጣ ከጠበቀችው በላይ ጠቁሯል። ማንበቢያው ላይ ብታስቀምጠው መቶ ስልሳ ሰባት ግሬይ አለ። ፊልሙን ረገመችና ከሌላ እሽግ ሌላ ቆርጣ ከተተች። እሱም መቶ ስልሳ ሰባት አለ።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መቶ ሊሆን የሚገባው መቶ ስልሳ ሰባት ከሆነ፣ እጥፉ መቶን ለስልሳ እንደማካፈል ነው። መቶው፣ አንድ ግሬይ ውስጥ ያለው ራድ። ስልሳው፣ አንድ ደቂቃ ውስጥ ያለው ሰከንድ። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ አሥራ ሁለት ነበር። ግን በደቂቃ አሥራ ሁለት ግሬይ። ያ ማለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ራድ በደቂቃ፣ ለስልሳ ሲካፈል ሃያ ራድ በሰከንድ። ልኩ ስምንት ደቂቃ ከምናምን ኖሯል።

እዚህ ቤት ቁጥር ጭራ የለውም። የመኪናው የድሮ ወረቀት ሁሉ በራድ በሰከንድ ስለተጻፈ ሁሉም «ሦስት ነው»፣ «ሁለት ተኩል ነው» ይባባላል፤ ሦስት ምን ብሎ የሚጠይቅ አዲስ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ይሳቅበታል። አዲሱ ኮባልት የተገጠመ ቀን ደግሞ እሷ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ነበር። ገጣሚዎቹ ለክተው ለባሏ ነገሩት፤ ወረቀቱ ይላካል የተባለው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ባሏን ኮሪደር ላይ ጠርታ ገጣሚዎቹ ምን እንዳሉት ጠየቀችው።

«አሥራ ሁለት ነዋ።»

«አሥራ ሁለት ምን? አሥራ ሁለት ዶሮ?»

ባልየው አንገቱን አከከ። «ግሬይ መሰለኝ። አዎ፣ በደቂቃ ብለዋል።»

«ለእኔስ ምን አልከኝ?»

«አሥራ ሁለት አልኩሽ። ጉንጭሽ እንደ ኳስ ተነፍቶ፣ አፍሽ ጥጥ ጎርሶ፣ ግሬይ ብልሽ ምን ልታደርጊበት ነበር?»

ሰደበችው። እናቱን ትታ የቀረውን ዘመዱን በተራ አዳረሰች። የሚሰደብ ሲያልቅባት ወደ ራሷ ዞረች፤ እዚያ ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ጥጡን ተፍቶ ሁለት ቃል መጠየቅ ምን ነበረበት?

ውኃው መፍላት ጀምሮ ነበር። ዳይሬክተሩ ዘንድ ፊልሙን ይዛ ገባች፤ ባልየው ከኋላዋ። ዳይሬክተሩ ስለ ግሬይና ስለ ራድ የተነገረውን ሁሉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ካዳመጠ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ባልየው አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጠችው።

«የእኔ ነው» አለች። «ሰዓቱን የምሞላው እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሩ ውኃው እንዲወርድ አዘዘ። በስምንት ደቂቃው ሌላ ዙር ይሞከር፤ ዝንቦቹ ከነቁ ዘሩ ይቆያል። ቢነቁም ባይነቁም ግን የጨረር ክፍሉን ቁልፍ ታስረክባለች፤ መጋዘን ሰው ጎድሎታል።

ኮሪደር ላይ ባልየው ተመልሼ እውነቱን ልንገረው ብሎ ዞረ።

«ዝም በል» አለችው። «ማካፈል ማንም ይችላል። እነዚያን ባለጌዎች ከአንተ ሌላ የሚያሳድግ የለም። አንተን ቢያባርርህ ዘሩ ምን ሊሆን ነው?»

ዝንቦቹ ክንፍ እስኪያወጡ ጥቂት ቀን ፈጀ። በፈተናው ቀን ሴቶቹ ገና ሣጥኑ ውስጥ ሳይገቡ ወንዶቹ ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር፤ ከገቡ በኋላ የሆነው በጋዋን ሆኖ የሚታይ አልነበረም። ሠራተኛው ሁሉ ሣጥኑን ከበበ። ባልየው ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ የቱ ከየቷ እንደሆነ እየጮኸ ያስተዋውቃል። ጨዋው ዳይሬክተር ፊቱን አዞረ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ተመልሶም ዞረ፤ እንዲያውም ቦታ እንዲለቁለት ሰዎቹን በትከሻው ገፋ።

ሚስትየው ደረቷ ላይ የሰካችውን የጨረር መለኪያ ነቀለች። ከቁልፉ ጋር ጠረጴዛው ላይ ዳይሬክተሩ ክርን አጠገብ አስቀመጠችው፤ እሱም ይበልጥ ሊያይ ሲያጎነብስ በክርኑ ገፋ አደረገው። «ያንን፣ ያንን እዩት! ሁለተኛዋ ነች!» እያለ ባሏ ይስቃል። ቦርሳዋን አነሣች፣ ዝንብ እንዳያመልጥ በሩን በጠባቡ ከፈተች፣ ወጣችና ዘጋችው።